ከየት ጀምረን እንለካ? የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪናን ብቃት ለሚያወዳድሩ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳል? ጥሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ፤ ዛሬ ቁጥር ይበዛል። ሞባይላችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተርም ይበቃችኋል።

«ሃይብሪድ ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?» የሚል ፕሮጀክት የያዛችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። ሃይብሪድ ስል የቤንዚን ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም ያለው፣ ኤሌክትሪክ ስል በባትሪ ብቻ የሚሄደው ነው። አሁን ደግሞ ልጠይቃችሁ፦ የምትለኩት ከየት እስከ የት ነው? ከሰልባቲዮ እስከ ጎማ? ከሶኬት እስከ ጎማ? ወይስ ከነዳጅ ጉድጓዱና ከኃይል ማመንጫው ጀምራችሁ? ይህን ወስኛለሁ የምትሉ ብቻ እጃችሁን አቆዩ። አያችሁ፣ ሁለት ሦስት እጅ ብቻ ቀረ።

ዛሬ ደጋግሜ የምላችሁ ነገር አንድ ነው፦ መነሻውን ወስኑ። መነሻውን ሳትወስኑ መኪና አታስነሱ። ያው ሁለት መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን፣ መነሻችሁ ሲለወጥ አንዴ ከሁለት እጥፍ በላይ ይራራቃሉ፣ አንዴ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ንግግሬን በአራት ከፍዬዋለሁ፦ ቃላቱ፣ መነሻው፣ ኢነርጂው የሚሄድበት ቦታ፣ ከዚያም አለካኩ። አለካኩ ላይ እቆያለሁ፤ ፕሮጀክት የሚበላሸው እዚያ ነውና።

ከቃላቱ ልጀምር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ፍጆታና ብቃት አንድ አይደሉም። ፍጆታ ማለት 100 ኪሎሜትር ለመሄድ ስንት ሊትር ወይም ስንት ኪሎዋት-ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። ብቃት ደግሞ ከገባው ኢነርጂ ውስጥ ስንቱ ጎማ ላይ ደረሰ የሚል ሬሾ ነው፤ በመቶኛ ይጻፋል። ትንሽና ቀላል መኪና ብቃቷ ዝቅ ያለ ሆኖም ፍጆታዋ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግዙፍ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ብቃቱ 75 በመቶ ሆኖ ሳለ ክብደቱና ቁመቱ ብዙ ያስበላዋል። ርእሳችሁ «ብቃት» እያለ ሠንጠረዣችሁ ፍጆታ ብቻ ከያዘ፣ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚይዛችሁ እዚህ ላይ ነው።

ሊትርንና ኪሎዋት-ሰዓትን ለማወዳደር ወደ አንድ መለኪያ አምጧቸው። 1 ሊትር ቤንዚን 8.9 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ኢነርጂ ይዟል፤ ናፍጣ ወደ 10 ይጠጋል። 8.9 ከየት መጣ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ 1 ጋሎን ቤንዚንን ከ33.7 ኪሎዋት-ሰዓት ጋር እኩል አድርጎ ይይዛል። ጋሎኑ 3.785 ሊትር ነው፤ አካፍሉት።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። «በሊትር ስንት ኪሎሜትር» የሚለውን ቁጥር ደምራችሁ ለሁለት አታካፍሉ። መኪናው አንዱን 100 ኪሎሜትር በሊትር 10 ኪሎሜትር፣ ሌላውን 100 ኪሎሜትር በሊትር 20 ኪሎሜትር ሄደ እንበል። አማካዩ 15 ነው? አይደለም! በመጀመሪያው 10 ሊትር፣ በሁለተኛው 5 ሊትር በላ። 200 ኪሎሜትር በ15 ሊትር፣ 13.3 ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው በ100 ኪሎሜትር ስንት ፈጀ ብላችሁ መዝግቡ፤ ያኔ እኩል ርቀት ላይ የተገኙ ቁጥሮችን ያለ ችግር ታማክሏቸዋላችሁ።

ስለ ሃይብሪድ ዓይነቶች ብዙ አልልም። ሞተሩን በትንሹ ብቻ የሚያግዝ ባለ 48 ቮልት አለ፤ እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ባትሪውን ራሱ የሚሞላ ሙሉ ሃይብሪድ አለ፤ ከሶኬትም የሚሞላ አለ። የትኛውን እንደያዛችሁ ርእሱ ላይ ጻፉ። ከሶኬት የሚሞላው ለብቻው ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ መነሻው።

ለማወዳደር የምትመርጧቸው መኪኖች መንትያ ቢሆኑ መልካም ነው። ትንሽ ሃይብሪድ ከትልቅ የኤሌክትሪክ ጂፕ ጋር አሰልፋችሁ ስትጨርሱ፣ ያወዳደራችሁት የሞተሩን ዓይነት ይሁን የመኪናውን መጠን ማንም አይለየውም። እንደ መንትያ የሚጠቅመን ሃዩንዳይ አዮኒክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ በአንድ ዓይነት አካል በሃይብሪድም፣ ከሶኬት በሚሞላ ሃይብሪድም፣ በኤሌክትሪክም ተሠራ። የ2017ቱ ሞዴል በአሜሪካው ኤጀንሲ መለኪያ እንዲህ ይነበባል፦ ቆጣቢው ሃይብሪድ በጋሎን 58 ማይል፣ ኤሌክትሪኩ በጋሎን አቻ፣ ማለትም በ33.7 ኪሎዋት-ሰዓት፣ 136 ማይል። ወደ እኛ መለኪያ ስናመጣው ሃይብሪዱ በ100 ኪሎሜትር 4.06 ሊትር፣ ይኸውም 36.1 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ኤሌክትሪኩ 15.4 ኪሎዋት-ሰዓት። ይህ 15.4 ከሶኬት የተለካ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ውስጡ አለ።

36.1 ለ15.4፣ 2.34 እጥፍ። «ኤሌክትሪክ ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጣል» ብላችሁ ፖስተር መለጠፍ ትችላላችሁ። ከሰልባቲዮና ከሶኬት ከጀመራችሁ ልክ ናችሁ።

አሁን መነሻውን ወደ ኋላ ልጎትተው። ቤንዚኑ ከምድር ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ተጓጉዞ ሰልባቲዮ እስኪገባ ከያዘው ኢነርጂ አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ይፈጃል። 36.1 በ1.2 ሲባዛ 43.3 ይሆናል። ኤሌክትሪኩስ? በሽቦ መንገድ 8 በመቶ ይጠፋል ብላችሁ ያዙ። ማመንጫው በድንጋይ ከሰል የሚሠራና ብቃቱ 38 በመቶ ከሆነ፣ 15.4 ሲካፈል ለ0.38፣ ሲካፈል ለ0.92፣ 44 ይመጣል። 43.3 እና 44! ሁለት እጥፉ የት ገባ? ማመንጫው ውስጥ ቀረ። ሃይብሪዱ ሙቀት ወደ እንቅስቃሴ የሚቀየርበትን ኪሳራ በኮፈኑ ስር ይዞት ይዞራል፤ ኤሌክትሪኩ ያንን ኪሳራ ሌላ ቦታ ትቶት ነው የመጣው።

ማመንጫው 55 በመቶ ብቃት ያለው ባለ ሁለት ዙር የጋዝ ማመንጫ (የጋዙን ትርፍ ሙቀት በእንፋሎት ዳግም የሚጠቀም) ከሆነ ቁጥሩ 30.4 ነው። 90 በመቶ ብቃት ያለው የውሃ ኃይል ከሆነ 18.6። መኪናዋ አልተለወጠችም፤ አንድ ብሎን አልተነካባትም። ከ18.6 እስከ 44 የወሰዳት ከጀርባዋ ያለው ማመንጫ ነው። ለከሰሉና ለጋዙ ማውጫና ማጓጓዣ እዚህ ስሌት ውስጥ አልጨመርኩም፤ ጥንቁቅ ተማሪ ይጨምርበታል።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስላት ለምትፈልጉም መንገዱ ያው ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.31 ኪሎግራም ይወጣዋል። 4.06 ሊትር 9.4 ኪሎግራም፣ የማውጫና የማጣሪያው ሲጨመር 11.3 ኪሎግራም ገደማ። ይህን 11.3 ለ15.4 አካፍሉት፦ 0.73። ይህች ቁጥር ለፕሮጀክታችሁ ወርቅ ናት። መስመሩ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በኪሎዋት-ሰዓት ከ0.73 ኪሎግራም በታች ከለቀቀ ኤሌክትሪኩ ያሸንፋል፤ ከዚያ በላይ ከለቀቀ ሃይብሪዱ። ከሰል ወደ 0.95 ሊጠጋ ይችላል፣ የጋዝ ማመንጫ 0.4 አካባቢ ነው። አንድ መስመር ሥሉ፣ መቆራረጫውን ነጥብ አሳዩ፣ ከዚያ የየትኛውም ሀገር አንባቢ የራሱን ቁጥር አስገብቶ መልሱን ያገኛል። «ኤሌክትሪክ ይሻላል» ከሚል ፖስተር ይልቅ እንዲህ ያለውን ግራፍ ባየው እመርጣለሁ።

የባትሪ ምርትን እስከ መጨመር መሄድ ይቻላል። ለፕሮጀክት ግን ሦስቱንም መነሻ በአንድ ወረቀት አታጭቁ። አንዱን ምረጡ፣ ርእሱ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ኢነርጂው የት ይሄዳል?

መኪናን የሚገታት በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፦ የጎማ መሽከርከር ግጭትና የአየር ግፊት። ዳገትና ማፍጠን በላያቸው ይጨመራሉ። 1500 ኪሎግራም የምትመዝን መኪና ውሰዱ። የጎማው የመሽከርከር ግጭት መለኪያ 0.01 ከሆነ፣ 1500 በ9.81 በ0.01፣ 147 ኒውተን ነው፤ ፍጥነት ብዙም አይለውጠውም። አየሩ ግን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። የአየር መቋቋሚያ መለኪያውና የፊት ስፋቷ ሲባዙ 0.6 ካሬ ሜትር ይሁኑ፣ የአየሩ እፍጋት በሜትር ኪዩብ 1.2 ኪሎግራም። በሰዓት 50 ኪሎሜትር 69 ኒውተን፣ በ100 ኪሎሜትር 278፣ በ120 ደግሞ 400።

አቋራጭ ልስጣችሁ፦ ኒውተኑን ለ36 ስታካፍሉ በ100 ኪሎሜትር ስንት ኪሎዋት-ሰዓት ጎማው ላይ እንደሚያስፈልግ ይወጣል። በ50 ስትነዱ 6.0፣ በ100 ስትነዱ 11.8፣ በ120 ስትነዱ 15.2። ይህ ለሁለቱም መኪና እኩል ነው። ጎማ የሚነዳው ቤንዚን ይሁን ባትሪ አያውቅም።

ልዩነቱ ከተማ ውስጥ ይመጣል። 1500 ኪሎግራም በ50 ስትሮጥ የያዘችው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 145 ኪሎጁል፣ ማለትም 40 ዋት-ሰዓት ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በየኪሎሜትሩ ሁለት ጊዜ ብትቆሙ በ100 ኪሎሜትር 200 ጊዜ ቆማችኋል፤ 200 በ40፣ 8 ኪሎዋት-ሰዓት። ለጎማና ለአየር ከከፈላችሁት 6 ይበልጣል! ተራ መኪና ይህን ሁሉ የፍሬን ሸራ እያሞቀ ይጥለዋል። ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተር ገልብጠው መልሰው ይለቅሙታል። ወደ ባትሪ ሲገባም ሲወጣም ስለሚባክን ሁሉም አይመለስም፤ ኤሌክትሪኩ ላይ ከ60 እስከ 70 በመቶ ብትይዙ ከእውነቱ ብዙም አትርቁም።

ሃይብሪዱ ላይ ከዚህ ያንሳል። ለምን? ባትሪው ትንሽ ስለሆነ የሚውጠው ፓወር ይወሰናል። የቆየው ፕሪየስ ባትሪ 25 ኪሎዋት አካባቢ ይቀበላል። ከ50 ኪሎሜትር በ4 ሴኮንድ ብትቆሙ፣ 145 ኪሎጁል ለ4፣ በአማካይ 36 ኪሎዋት ነው፤ ፍሬን ሲጀመር ደግሞ የዚያ እጥፍ። ትርፉን የፍሬን ሸራው ይበላዋል። በ8 ሴኮንድ ብትቆሙ አማካዩ 18 ይሆንና አብዛኛው ይገባል። ስለዚህ ሹፌሩ የሙከራችሁ አንድ አካል ነው። ሁለቱንም መኪና አንድ ሰው ይንዳቸው።

አውራ ጎዳና ላይ ግን ከፍሬን ኢነርጂ እንሰበስባለን ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ማንም አይቆምማ! የአዮኒክን ቁጥር እንደገና እዩ፦ ኤሌክትሪኩ በከተማ ዑደት 14.0፣ በአውራ ጎዳና 17.2 ኪሎዋት-ሰዓት በ100 ኪሎሜትር። ሃይብሪዱ በከተማ 4.13 ሊትር፣ በአውራ ጎዳና 3.99። አንዱ ሲጨምር ሌላው ትንሽ ቀነሰ። ለምን? የቤንዚን ሞተር ጫና ሲበዛበት ብቃቱ ይሻሻላል፤ አየሩ የጨመረበትን ጫና በተሻለ ብቃት ይክሰዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር መጀመሪያውኑ ከ90 በመቶ በላይ ስለሆነ የሚያሻሽለው የለውም፣ ፍጥነቱ የጠየቀውን ሙሉ ሂሳብ ይከፍላል። ይህን ያላወቀ ተማሪ የአውራ ጎዳና ውጤቱን አይቶ ባትሪው ታሟል ብሎ ይደመድማል።

ሙቀትም አለ። 2 ኪሎዋት የሚወስድ የካቢን ማሞቂያ አስቡ። በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎሜትር በሚሄድ ትራፊክ 100 ኪሎሜትር 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ማሞቂያው ብቻውን 8 ኪሎዋት-ሰዓት። በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት 1 ሰዓት፣ 2 ኪሎዋት-ሰዓት ብቻ። አንድ ማሞቂያ፣ አራት እጥፍ ልዩነት! ሃይብሪዱ ከሞተሩ በሚባክነው ሙቀት ይሞቃል፤ ግን ለማሞቅ ሲል ሞተሩን እንዳያጠፋ ይገደዳል። ስለዚህ ኤሲና ማሞቂያ በሁለቱም መኪና ይጥፋ፣ ወይም በሁለቱም አንድ ዲግሪ ላይ ይሁን። የሆነውንም ጻፉ።

አራተኛው፣ አለካኩ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ከቤንዚኑ ልጀምር። ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ከሙላት እስከ ሙላት ነው። ሰልባቲዮውን ሙሉ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ፣ ንዱ፣ በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ፣ መኪናው በዚያው አቅጣጫ ቆሞ እንደገና ሙሉ። መቅጃው መጀመሪያ ጠቅ ብሎ ሲዘጋ አቁሙ። «ትንሽ ልጨምር» ማለት የለም። አሞላሉ ግማሽ ሊትር ቢለዋወጥባችሁስ? 100 ኪሎሜትር ሄዳችሁ 5 ሊትር ከፈጀ 10 በመቶ ስህተት ነው። 500 ኪሎሜትር ሄዳችሁ 25 ሊትር ከፈጀ 2 በመቶ ብቻ። ርቀት ስህተትን ይበላል። ቤንዚን በሙቀትም ያብጣል፤ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት 1 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ጠዋት ሙሉ።

የመኪናው ኦቢዲ መሰኪያ (የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚነበብበት) ላይ መረጃ ማንበቢያ ከገጠማችሁ ሞተሩ የሚስበውን አየር በሴኮንድ በግራም ታገኛላችሁ። 1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ስለሚፈልግ፣ ለ14.7 ስታካፍሉት የቤንዚኑ ግራም ይመጣል፤ በ3600 አባዝታችሁ የ1 ሊትር ቤንዚን ክብደት ለሆነው 745 ግራም ስታካፍሉ በሰዓት ሊትር። በሴኮንድ 10 ግራም አየር ማለት በሰዓት 3.3 ሊትር ቤንዚን ማለት ነው። ታዲያ ችግሩ የት ነው? ሃይብሪድ ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ቆርጦ ሞተሩን እያሽከረከረ ሊቆይ ይችላል። አየር ይገባል፣ ቤንዚን የለም፤ ስሌቱ ግን ቤንዚን እየቆጠረ ይቀጥላል። ቁልቁለት የሚበዛበት መንገድ ላይ ይህ ዘዴ ከሰልባቲዮው በላይ አድርጎ ይነግራችኋል። ከሙላት እስከ ሙላት ጋር አመሳክሩት እንጂ ብቻውን አትመኑት።

አሁን ሃይብሪድ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር። ሁለት ተማሪዎች አንድ ፕሪየስ ወሰዱ እንበል። በዚያው 20 ኪሎሜትር መንገድ አንዱ በ100 ኪሎሜትር 3.8 ሊትር፣ ሌላው 4.7 ሊትር አገኘ። ተጣሉ። ማን ተሳሳተ? ማንም። የአንዱ ባትሪ ሲነሳ ሞልቶ ሲደርስ ጎድሏል፣ የሌላው ተቃራኒ ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 201.6 ቮልት፣ 6.5 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 1.3 ኪሎዋት-ሰዓት። ከዚህ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው 0.5 ያህል ነው ብንል፣ ሞተሩ ያንን ለመተካት 0.19 ሊትር ያቃጥላል። 20 ኪሎሜትር ላይ የተቃጠለው በጠቅላላው 0.9 ሊትር ነው። 21 በመቶ ስህተት! 500 ኪሎሜትር ላይ ግን 1 በመቶ አይሞላም። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር የሃይብሪድ መለኪያ ደንብም የባትሪው ለውጥ ከተቃጠለው ነዳጅ ኢነርጂ 1 በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወይ ርቀቱን አስረዝሙ፣ ወይ የባትሪውን ሙላት ከኦቢዲ አንብባችሁ መነሻና መድረሻው እኩል የሆነውን ሙከራ ብቻ ያዙ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ስምንት የባትሪ መስመሮች አትመኑ፤ ለሹፌር የተሠሩ ናቸው።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። ዳሽቦርዱ «በ100 ኪሎሜትር 13.5» ብሎ ያሳያችኋል። ያ ከባትሪው የወጣው ነው፣ ከሶኬት የገባው አይደለም። መነሻችሁ ሶኬት ከሆነ መለካት ያለባችሁ ሶኬቱ ጋ ነው። ቻርጀሩ ላይ የኪሎዋት-ሰዓት ቆጣሪ ይግባ። አምፔሩን በክላምፕ ሜትር (ገመድ ላይ በሚጠመድ መለኪያ) ለክታችሁ በ230 አታባዙት፤ ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ስሌታችሁም አብሮ ይዋዥቃል። በነገራችን ላይ፣ ክላምፑን ሙሉው ገመድ ላይ ካጠመዳችሁት ዜሮ ነው የሚያነበው፤ ሄያጁና ተመላሹ ይጣፋሉ። «መኪናው ኤሌክትሪክ አይወስድም» ብሎ ሪፖርት የሚያደርግ ቡድን እንዳይኖር።

ቻርጅ የሚደረግበት ፓወርም ውጤት ይለውጣል። ቻርጅ ሲያደርግ የመኪናው ኮምፒውተርና ፓምፕ ነቅተው ይቆያሉ፤ 300 ዋት ይወስዳሉ እንበል። በ2.3 ኪሎዋት ሶኬት ከሞላችሁ ከሚገባው 13 በመቶ ለእነሱ ይሄዳል። በ7.4 ኪሎዋት 4 በመቶ። ከዚያ ላይ የቻርጀሩ የራሱ ኪሳራ አለ። ያው መኪና፣ ያው ጉዞ፣ የተለያየ ሶኬት፣ የተለያየ ውጤት። በስንት ኪሎዋት እንደሞላችሁ ካልጻፋችሁ ቁጥራችሁን ማንም ሊደግመው አይችልም።

መቼ ሞላ እንላለን? ስክሪኑ ላይ ያለው መቶኛ የተጠጋጋ ነው። 60 ኪሎዋት-ሰዓት ባትሪ ላይ 1 በመቶ 0.6 ነው፤ 15 ኪሎዋት-ሰዓት የፈጀ ጉዞ ላይ በሁለቱም ጫፍ 1 በመቶ ብትስቱ 8 በመቶ ደረሳችሁ። ይልቅ መኪናው ራሱ እስኪያቆም ሙሉት፣ ስትመለሱም እንደዚያው። የዚህ ዘዴ ጉድለት አንድ ነው፤ ሙሉ ባትሪ ከፍሬን የሚመጣ ኢነርጂ አይቀበልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች ቁልቁለትና መቆም የማይበዛባቸው ይሁኑ።

ከሶኬት የሚሞላው ሃይብሪድ ላይ እመለሳለሁ ብያለሁ። አንድ ቁጥር አትስጡት። መጀመሪያ ሞልታችሁ ባትሪው እስኪያልቅ ንዱ፣ ኪሎዋት-ሰዓቱንና ቤንዚኑን ለየብቻ መዝግቡ። ከዚያ በባዶ ባትሪ ንዱ፣ ሊትሩን መዝግቡ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚቀላቀሉት ባለቤቱ በቀን ስንት ኪሎሜትር ሄዶ በስንት ቀን እንደሚሰካው በማወቅ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ መኪኖች በመንገድ ላይ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላቦራቶሪው ከመዘገበው በአማካይ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ቴክኖሎጂው ሳይሆን ከሶኬቱ ያልተሰካው ገመድ ነው ዋናው ምክንያት።

የቀረው ብቃቱን በመቶኛ ማውጣት ነው። ፍጆታ ለካችሁ፤ ጎማው ላይ ስንት እንደሚያስፈልግ ግን አታውቁም። ይህን ያለ ውድ መሣሪያ የሚያወጣ ዘዴ አለ፦ ልቅ ጉዞ። ለትራፊክ በተዘጋ ቀጥ ያለና ሜዳ መንገድ ላይ ከ90 ኪሎሜትር በላይ ፍጠኑ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጉ፣ ፍጥነቱ ከ85 ወደ 75 ሲወርድ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ በጂፒኤስ መዝግቡ። 10 ኪሎሜትር በሰዓት ማለት 2.78 ሜትር በሴኮንድ ነው። 1500 ኪሎግራም፣ 13 ሴኮንድ፦ 1500 በ2.78 ሲካፈል ለ13፣ 321 ኒውተን። ለ36 አካፍሉ፣ 8.9 ኪሎዋት-ሰዓት በ100 ኪሎሜትር፣ በ80 ስትነዱ ጎማው የሚፈልገው ይህ ነው።

አሁን በ80 ቋሚ ፍጥነት ስትነዱ ኤሌክትሪኩ ከሶኬት 12 ኪሎዋት-ሰዓት ከፈጀ፣ 8.9 ለ12፣ 74 በመቶ። ሃይብሪዱ 3.6 ሊትር ከፈጀ፣ ይኸውም 32 ኪሎዋት-ሰዓት፣ 28 በመቶ። ብቃት ማለት ይህ ነው! እነዚህ ለምሳሌ ያቀረብኳቸው ናቸው፤ የእናንተን እናንተ ለኩ።

ልቅ ጉዞን የሚያበላሸው ተዳፋት ነው። ዓይን የማያየው 1 በመቶ ተዳፋት 147 ኒውተን ነው፣ የጎማውን ግጭት ያህል! ስለዚህ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ የኒውተኑን አማካይ ውሰዱ። ነፋስ ካለ ለሌላ ቀን አስተላልፉት። መኪናውን ከነተሳፋሪው መዝኑ፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ክብደት ባዶው ነው። የጎማ ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይሁን። ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ከሆናችሁ የአየሩ እፍጋት 1.0 ገደማ ነው፣ 1.2 ብላችሁ አታስሉ።

ርቀቱንም ፈትሹ። የጎማው ጥርስ ከ8 ወደ 2 ሚሊሜትር ሲያልቅ ዙሪያው 2 በመቶ ገደማ ያጥራል፤ ቆጣሪው ያንኑ ያህል አጋኖ ይቆጥራል። ጂፒኤስ ይዳኛችሁ። በመጨረሻም ስህተታችሁን ደብቃችሁ አታቅርቡ፦ ነዳጅ 2 በመቶ፣ ርቀት 1፣ በድግግሞሽ መካከል የታየው ልዩነት 3 ከሆነ፣ ካሬያቸው ሲደመር 14፣ ሥሩ 3.7 በመቶ። በሁለት መኪኖች መካከል ያገኛችሁት ልዩነት ከዚህ ካነሰ፣ ልዩነት አላገኘንም በሉ። ይህን የጻፈ ተማሪ አይወድቅም።

ወደ ጥያቄ ሳንሄድ አንድ አደራ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ብርቱካናማ ገመዶች ታያላችሁ። አትንኩ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቀጥተኛ ቮልት ይሄድባቸዋል፣ መኪናው ጠፍቶም ውስጡ የቀረ ሊኖር ይችላል። ለዛሬ ከጠቀስኳቸው መለኪያዎች አንዱም እነሱን መንካት አይጠይቅም። የሶኬቱን ቆጣሪ የሚገጥመው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን። ልቅ ጉዞ ላይ ደግሞ መኪናውን ጨርሶ እንዳታጠፉ፤ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ አብሮ ይጠፋል፣ ኒውትራል ብቻ ይበቃል።

ሰሌዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ፎቶ ማንሳት የምትፈልጉ አንሱ፣ አላጠፋቸውም። ማይክሮፎኑን ወደ ግራ አሳልፉልኝ፤ መጀመሪያ ያየሁት እጅ እዚያ ጋ ነው። ስትጠይቁ ግን መነሻችሁ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።